ለቆዩ አውቶሞቢሎች የፍሬን ቱቦ ስለ መሥራት

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዕድሜያቸው ከባለቤቶቻቸው ዕድሜ የሚበልጥ አውቶሞቢሎች ዛሬም ሲመላለሱ ይታያሉ። ቮልስዋገን፣ ፊያት፣ ፔጆና ላንድሮቨር ከየፋብሪካቸው ከወጡ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ቢያልፋቸውም፣ በመካኒኮቻችን ብልኀትና በባለቤቶቻቸው ትጋት እስካሁን ሥራቸውን አላቋረጡም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ እንዲሆን አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚህ የተነሣ በእጅ ያለውን መኪና እያደሱ መያዝ ለብዙ ሰው ከምርጫነት ይልቅ ግዴታ እየሆነ በመሄዱ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ጉዳይ የአስመጪውንም የባለ ጋራዡንም አሳብ የሚይዝ ዋና ነገር ሆኗል።

ከመለዋወጫ ዕቃዎች መካከል በዋጋው አነስተኛ፣ በኀላፊነቱ ግን እጅግ ከባድ የሆነው የፍሬን ቱቦ ነው። ይህ ዕቃ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት የታሰሩ ጥቁር የጎማ ቱቦ ነው። አንድ የድሮ መኪና ባለቤት ቱቦው ይፈነዳበትና በመርካቶ ሶማሌ ተራ ፈልጎ ያጣል እንበል። ከዚያም የተበላሸውን በእጁ ይዞ፣ ለሎደርና ለኤክስካቫተር የሃይድሮሊክ ቱቦ በፕሬስ እየጨመቀ ወደሚያዘጋጅ ሰው ይሄድና፣ «ይህን የመሰለ ሥራልኝ» ይለዋል። ባለሙያው ማሽን አለው፤ ቱቦ አለው፤ ገበያውም መጥቶለታል። ታዲያ መልሱ ምን መሆን ይገባዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ መስጠት ነው።

የቱቦው ሥራ ምንድን ነው?

በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ ፍሬን ማልኮልም ሎክሂድ በተባለው አሜሪካዊ ስም በ1917 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በፓተንት ተመዘገበ፤ በ1921 ደግሞ ዱዘንበርግ የተባለው መኪና በአራቱም እግሮቹ ላይ ይህን ፍሬን ይዞ ለገበያ ቀረበ። በአገራችን በጣም የታወቀው ቮልስዋገን ቢትልም፣ ለውጭ አገር የሚሸጠው ዓይነት ከ1950 ጀምሮ በሽቦ የሚጎተተውን ፍሬን ትቶ በዚሁ አሠራር መጠቀም ጀምሯል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ነጂው የፍሬኑን ፔዳል ሲረግጥ፣ መካኒኮች ማስተር ሲሊንደር የሚሉት ዋናው ፖምፓ ፈሳሹን ይገፋዋል፤ ፈሳሹም በቀጭን የብረት ቧንቧ ተጉዞ በየእግሩ ያለውን ሲሊንደር ይገፋል፤ ሲሊንደሩም ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ነገር ግን የመኪናው እግር ከአካሉ ጋር አንድ ሆኖ የተያያዘ አይደለም። ጎዳናው ሲጎረብጥ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የፊተኛውም መሪው ሲዞር አብሮ ይዞራል። ብረት ይህን መተጣጠፍ ለዘወትር ሊችለው ስለማይችል፣ በብረቱ ቧንቧና በእግሩ መካከል የሚታጠፍ ቱቦ ይገባል።

የሚሸከመውን ግፊት በቍጥር እንመልከት። ነጂው ፔዳሉን በ30 ኪሎ ግራም ኀይል ቢረግጥና ፔዳሉ ኀይሉን 5 ጊዜ ቢያባዛው፣ በፖምፓው ፒስተን ላይ 150 ኪሎ ግራም ያርፋል። የፒስተኑ ስፋት በዲያሜትር 19 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር 53 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በድንጋጤ ጊዜ ነጂው በ80 ኪሎ ግራም ቢረግጥ ደግሞ ግፊቱ ወደ 141 ይወጣል። የመኪና ጎማ በአየር ሲሞላ ግፊቱ 2 ኪሎ ግራም ገደማ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አያዳግተውም።

ከዚህም በቀር የቀድሞዎቹ መኪናዎች አብዛኛዎቹ ፍሬናቸው ባለ አንድ መስመር ነው። ይኸውም ከአራቱ እግሮች የአንዱ ቱቦ ቢፈነዳ ፈሳሹ በዚያ በኩል ፈስሶ ያልቅና የአራቱም እግሮች ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል ማለት ነው። በሜዳ ላይ ይህ አስደንጋጭ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወይም ከእንጦጦ ወደ ከተማ ሲወረድ ግን ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመናገር አያሻም።

ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ የታመመ ቱቦ

ጥሩ የፍሬን ቱቦ በአራት ወይም በአምስት ድርብ የተሠራ ነው። ከሁሉ ውስጥ ያለው ፈሳሹን የሚነካው ቀጭን የጎማ ቱቦ ነው፤ የብዙዎቹ የውስጥ ስፋት 3.2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። በላዩ እንደ ሹሩባ የተጐነጐነ ጠንካራ ክር አለ። ከክሩ በላይ ስስ ጎማ፣ ከዚያም ሁለተኛ የክር ጕንጕን ይከተላል፤ በመጨረሻም ፀሐይን፣ ጭቃንና ጠጠርን የሚከላከለው የውጭ ሽፋን ይለብሳል። ግፊቱን የሚሸከመው ክሩ ሲሆን፣ ፈሳሹ እንዳይወጣ የሚጠብቀው የውስጡ ጎማ ነው።

ቱቦ ሲያረጅ ከውጭ ቢሰነጣጠቅ ወይም ቢያብጥ ማንም አይቶ ያውቀዋል። እጅግ አሳሳቹ ግን የውስጡ ጎማ አብጦ ወይም ተቀርፎ መንገዱን የሚያጠብበት ጊዜ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ፈሳሹ በኀይል ያልፋል፤ እግር ሲነሣ ግን የሚመልሰው ኀይል ደካማ ስለ ሆነ በጠበበው መንገድ ተመልሶ ሊያልፍ አይችልም። ያን ጊዜ ሸራው ከታምቡሩ ሳይላቀቅ ይቀራል፤ እግሩ ይግላል፤ መኪናውም ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ብዙ ጊዜ መካኒኩ ሲሊንደሩን ይለውጣል፤ ሸራውን ያስተካክላል፤ ጥፋቱ ግን በቱቦው ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ስለዚህ ታምቡሩ የጋለው እግር አየር ማስወጫው በጥቂት ሲከፈት ወዲያው የሚላቀቅ፣ በቱቦው የላይኛ ጫፍ ያለው ዳዶ ሲላላ ግን የማይላቀቅ ከሆነ፣ አስቀድሞ ቱቦውን መጠርጠር ይገባል።

ጥንካሬ ብቻውን መለኪያ አይደለም

አሁን ወደ መነሻችን ጥያቄ እንመለስ። ለሎደር የሚያገለግለው ቱቦ በሽቦ የተጐነጐነ ስለ ሆነ የፍሬንን ግፊት ያለ ችግር ይችላል። ባለሙያው ጨምቆ ቢያስረው ፔዳሉ ጠንካራ ይሆናል፤ ምንም ጠብታ አይታይም፤ ባለ መኪናውም አመስግኖ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ሥራው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ የግፊት ብቻ ሳይሆን የጎማውና የፈሳሹ መስማማት ጭምር ስለ ሆነ ነው።

የማሽን ሃይድሮሊክ ዘይት ከፔትሮሊየም የሚወጣ ነው። ለእርሱ የሚሠራው ቱቦ ውስጡ ብዙ ጊዜ ናይትራይል የተባለ፣ ዘይትን የሚቋቋም ጎማ ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት የምንለው ዶት 3 እና ዶት 4 ግን በስሙ ዘይት ይባል እንጂ ዘይት አይደለም፤ ከግላይኮል ወገን የሆነ ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ ናይትራይልን ያሳብጠዋል፤ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ደኅና የነበረው ቱቦ ከጊዜ በኋላ ከውስጥ ይታመማል፤ ቅርፊቱም እየተነሣ ቀጭኑን መንገድ ይዘጋል። ለፍሬን ዘይት የሚስማማው ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የተባለው ጎማ ነው፤ እርሱ ደግሞ በተራው የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ቢነካው ይበላሻል። አረንጓዴ የማዕድን ዘይት የሚጠቀሙ አንዳንድ የድሮ ሲትሮኤን መኪናዎች ከዚህ ደንብ ውጭ ስለ ሆኑ፣ ለእነርሱ ለዘይታቸው የሚስማማ የተለየ ጎማ ያሻል።

ሁለተኛው ምክንያት መተጣጠፍ ነው። የማሽን ቱቦ ግትር ነው፤ የመኪና እግር ግን በአንድ ጉዞ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ ይነቃነቃል። ግትሩ ቱቦ ያን ሁሉ ንቅናቄ ጫፉ ላይ ስለሚያሳርፈው፣ በብረቱ መጋጠሚያ ዘንድ ሊበጠስ ይችላል።

ሁለቱን ለመለየት በቱቦው ላይ በላቲን ፊደል የታተመውን ማንበብ ይበቃል። «ኤስ.ኤ.ኢ. 100 አር 1» ወይም «100 አር 2» የሚል ጽሑፍ ያለበት የማሽን ቱቦ ነው። «ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ 1401» ወይም «ዶት» የሚል ምልክት ከፋብሪካው ስምና ከተሠራበት ቀን ጋር ያለበት ግን ለፍሬን የተሠራ ነው። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ቱቦ፣ ሻጩ ምንም ቢምል፣ ለፍሬን ሥራ ሊውል አይገባም።

አሠራሩ በየተራው

ከሁሉ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቱቦ መፈለግ ይሻላል። ለቮልስዋገን ቢትልና እርሱን ለመሰሉ በብዛት ለተሠሩ መኪናዎች አዳዲስ ቱቦዎች በውጭ አገር ዛሬም ይመረታሉና፣ አስመጪው በጥቂት ዋጋ ሊያስመጣቸው ይችላል። መሥራት የሚያስፈልገው ሞዴሉ ተረስቶ ቱቦው ከገበያ ለጠፋ መኪና ነው። ያን ጊዜ ባለሙያው ይህን ቅደም ተከተል ይከተል።

1ኛ/ ልክ መውሰድ። አሮጌው ቱቦ ካለ ርዝመቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መለካት ነው። ከሌለ ግን መኪናው ተነሥቶ እግሩ እንደ ተንጠለጠለ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ከዚያም ወደ ቀኝ እየዞረ፣ ቱቦው በሚያልፍበት መንገድ በገመድ ይለካል። ቱቦው በየትኛውም ሁኔታ መወጠር የለበትም፤ ጎማውን ወይም የሚግለውን ብረት እስኪነካም መርዘም የለበትም።

2ኛ/ የጫፉን ጥርስ ማወቅ። በብዙ የጀርመን፣ የጣሊያንና የጃፓን መኪናዎች የመጋጠሚያው ጥርስ 10 ሚሊሜትር ሆኖ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊሜትር ነው። በብዙ የእንግሊዝና የአሜሪካ መኪናዎች ግን ስፋቱ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለት 9.5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው። ሁለቱ ለዓይን ስለሚመሳሰሉ የኢንቹ ቡሎን በሚሊሜትሩ ዳዶ ውስጥ ላላ ብሎ ይገባል፤ የጠበቀም ይመስላል፤ በግፊት ጊዜ ግን ጥርሱ ተልጦ ይወጣል። ስለዚህ በዓይን መገመት ትቶ በጥርስ መለኪያ መለካት ግዴታ ነው። የብረቱ ቧንቧ አፍም ሁለት ዓይነት ነው። በአንዱ ዓይነት አፉ ወደ ውጭ ክብ ብሎ ያበጠ ነው፤ በሌላው ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደ ጥሩምባ የተከፈተ ነው። አንዱ በሌላው መቀመጫ ላይ በትክክል አይከድንም።

3ኛ/ ቱቦውንና ጫፎቹን ከአንድ ፋብሪካ መግዛት። በቱቦው ውስጥ የሚገባው ኒፕልና ከውጭ የሚጨመቀው የብረት ቀፎ ለዚያው ቱቦ ልክ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ከአሮጌው ቱቦ የተነቀለ ቀፎ አንድ ጊዜ ስለ ተጨመቀ ሁለተኛ አያገለግልም። ከወዳደቀ ብረት በቶርኖ የተቀረጸ ጫፍ፣ ወይም ለውሃ ቱቦ በሚውል በዊንች የሚጠብቅ ማሰሪያ የታሰረ ቱቦ፣ ለፍሬን ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

4ኛ/ መቍረጥና ማጽዳት። ቱቦው በስለታም መሣሪያ ቀጥ ብሎ ይቈረጣል፤ ክሩ መተርተር የለበትም። የጎማው ብናኝ በንጹሕ አየር ይነፋል። ለማለስለስ ቢያስፈልግ ጫፉን በንጹሕ የፍሬን ዘይት ማራስ ይበቃል፤ ግሪስና የሞተር ዘይት ጎማውን ስለሚጐዱ ሊነኩት አይገባም።

5ኛ/ መጭመቅ። ኒፕሉ እስከ መጨረሻው ገብቶ ቀፎው በፕሬስ ይጨመቃል። ከተጨመቀ በኋላ የሚኖረውን የቀፎውን ዲያሜትር የቱቦው ፋብሪካ በሠንጠረዥ ይሰጣል፤ ባለሙያውም እያንዳንዱን ጫፍ በካሊፐር ለክቶ ከሠንጠረዡ ጋር ያስተያያል። ጥቂት ቢላላ ቱቦው ከጫፉ ይወልቃል፤ ጥቂት ቢጠብቅ ደግሞ የውስጡን ጎማ ይቈርጣል፣ ኒፕሉንም ያጠባል። በዓይን «ይበቃል» ማለት በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም።

ያልተፈተነ ቱቦ አይሸጥ

በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ መንግሥት የፍሬን ቱቦ ደንብ፣ ቍጥሩ 106 የሆነው፣ ለዚህ ሥራ ጥሩ መመሪያ ይሰጣል። በደንቡ መሠረት ቱቦ በስኩዌር ኢንች 4,000 ፓውንድ፣ ማለት በስኩዌር ሴንቲሜትር 281 ኪሎ ግራም ያህል የውሃ ግፊት ለ2 ደቂቃ መቻል አለበት። ከዚያ በኋላ የውስጡ ስፋት አንድ ስምንተኛ ኢንች የሆነው ቱቦ ግፊቱ 7,000 ፓውንድ፣ ማለት 492 ኪሎ ግራም ሳይደርስ መፈንዳት የለበትም። ይህ ግፊት ቀደም ብለን በድንጋጤ ጊዜ ከቈጠርነው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። እንደዚሁም በማሽን ላይ ለ35 ሰዓት ያለ ማቋረጥ ሲወዛወዝ መጽናት፣ በ325 ፓውንድ ኀይል ቀስ ብሎ ሲጎተትም ከጫፉ አለመውለቅ ይገባዋል። ከተጨመቀ በኋላም የውስጡ መንገድ ከመጀመሪያው ስፋት ከ64 በመቶ በታች መጥበብ የለበትም፤ ለ3.2 ሚሊሜትር ቱቦ ይህ 2.05 ሚሊሜትር ያህል ነው።

አነስተኛ ወርክሾፕ የ35 ሰዓቱን ማወዛወዣ ማሽን ላይኖረው ይችላል። ይህን ፈተና ያለፈ ቱቦ ከነማስረጃው ቢገዛ ግን የሚቀረው የራሱን የመጭመቅ ሥራ መፈተን ብቻ ነው። ለዚህም መለኪያ ያለው የእጅ ፖምፕ፣ ውሃ፣ ካሊፐርና ልኩ የታወቀ ቀጭን የብረት ዘንግ ይበቃሉ። ከየጥቅሉ አንድ ናሙና እስኪፈነዳ ይፈተናል፤ ይህም ቱቦ ይጣላል። የሚሸጠው እያንዳንዱ ቱቦ ደግሞ ፋብሪካው በወሰነው የመፈተኛ ግፊት ሳያንጠባጥብ መጽናቱ ይረጋገጣል፤ ከዚያም በሚገባ ይደርቃል። በታመቀ አየር መፈተን ግን አደገኛ ነው፤ ቱቦው ቢፈነዳ አየሩ እንደ ቦምብ የሚወረውረው ብረት ሰው ሊገድል ይችላልና።

በመኪናው ላይ ሲታሰር

መልካም የተሠራ ቱቦም በመጥፎ አስተሳሰር ይበላሻል። አስቀድሞ የማይሽከረከረው ወንዴ ጫፍ በእግሩ ሲሊንደር ላይ ይጠብቃል፤ የመዳብ ዋሸር ካለው ዋሸሩ አዲስ ይሁን። ቀጥሎ ሌላው ጫፍ በመኪናው አካል ላይ ባለው መያዣ ገብቶ በክሊፑ ይያዛል፤ በመጨረሻ የብረቱ ቧንቧ ዳዶ ይጠብቃል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቱቦው ይጠመዘዛል። በቱቦው ጎን የተሰመረው መስመር ቀጥ ብሎ ቢታይ አልተጠመዘዘም፤ እንደ ሐረግ ቢዞር ተጠምዝዟል። የአንዱ ወገን ሲለወጥ በዚያው አክስል ያለው የሌላው ወገንም አብሮ ይለወጥ።

ከዚያም አየሩ ከፖምፓው እጅግ ከራቀው እግር ጀምሮ ይወጣል። የድሮው ፈሳሽም በአዲስ ይተካል፤ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የሚፈላበት ሙቀት እየቀነሰ ይሄዳልና። የዶት 3 ዝቅተኛ መለኪያ አዲስ ሳለ 205 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140 ዲግሪ ነው። በመጨረሻ ረዳት ፔዳሉን በሙሉ ኀይል ረግጦ ሲይዝ መካኒኩ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይመረምራል፤ መኪናውም ቍልቍለት ከመውረዱ በፊት በሜዳ ላይ በዝግታ ይሞከራል።

ለነጋዴው የሚሆን ምክር

የጎማ ቱቦ በመደርደሪያም ሳለ ያረጃል። ፀሐይና ሙቀት ስለሚያደርቁት፣ በሱቅ በር ላይ ተንጠልጥሎ ከሚታይ ይልቅ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ፣ ከነዳጅና ከዘይት ርቆ ቢቀመጥ ይሻላል። ሲገዛም የተሠራበትን ቀን አንብቦ የቆየውን መመለስ፣ ሲሸጥም ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማውጣት የመልካም ነጋዴ ልማድ ነው።

ቱቦ የሚሠራው ወርክሾፕ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥራ ቍጥር ይስጥ። የቱቦውን ዓይነት፣ የተጨመቀበትን ልክ፣ የተፈተነበትን ግፊትና ቀኑን በመዝገብ ጽፎ፣ ግልባጩን ከደረሰኙ ጋር ለገዢው ይስጥ። ይህ ወረቀት ሁለት ጥቅም አለው። ገዢው የገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሠሪውም ጥያቄ ቢነሣ ሥራውን የሚያስረዳበት ማስረጃ ያገኛል። ዋጋው ከማይፈተነው ጥቂት ቢወደድ የሚያስገርም አይደለም፤ ገዢው የሚከፍለው ለጎማው ብቻ ሳይሆን ለእምነቱም ጭምር ነውና።

እንግዲህ የተበላሸ ቱቦ ይዞ ለመጣው ባለ መኪና የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ ይህ ነው፤ «የፍሬን ቱቦ፣ ከቱቦው ጋር የሚስማማ ጫፍና መፈተኛ ካለኝ እሠራልሃለሁ፤ ያለኝ የማሽን ቱቦ ብቻ ከሆነ ግን አልሠራልህም።» እምቢ ያለው ባለሙያ የአንድ ቀን ገበያ ያጣል፤ እሺ ያለው ግን የማያውቀውን ቤተሰብ ሕይወት በአንድ ክንድ ጎማ ላይ ያንጠለጥላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ በብዙ ወርክሾፖች ውስጥ አሁንም አለ፤ የጎደለው ትክክለኛው ቱቦና የመፈተን ልማድ ነው። አስመጪው ቱቦውን ከነማስረጃው ቢያቀርብ፣ ባለሙያውም ሳይፈትን አልሸጥም ቢል፣ የቆዩት መኪናዎቻችን ቍልቍለቱን በደኅና ይወርዳሉ፤ ንግዱም ይለመልማል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ጕዳይ ነው።